ከማን ተማረ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለአባቴ ለመሪጌታ አድማሴ፤
ወይን አምባ ጊዮርጊስ፣ ትክል ድንጋይ።

አባቴ ሆይ፣ ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ከእርስዎ ደብዳቤ በቀር የጎደለብኝ የለም ስል ኖሬ ትናንት እሱም ተሟላ። ይህን ያህል ዘመን በሰው አፍ ብቻ ሰላም ሲባባሉ ለኖሩ አባትና ልጅ ግማሽ ገጽ ትንሽ አይደለም። ጎረቤታችን አያ ቢሻው ለገበያ ጎንደር ሲወርዱ ፖስታ ቤት ድረስ ይዘውት እንደሄዱ ገብቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ።

«መንግሥት ምን ሠርተህ ነው የሚያበላህ?» ላሉኝ መልሱ አጭር ነው። በቃል ነው የምተዳደረው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሊያዘጋጅ ተነሥቷል። ቃላቱ እንደ ድሮው በመጽሐፍ ብቻ አይቀመጡም፤ ኮምፒዩተር የሚሉት መሣሪያ መጥቷል፣ በሱ ውስጥ ይገባሉ። የኔ ድርሻ ቃል መፍታት አይደለም። አንድ ቃል ወደ መሣሪያው ሲገባ ምኑ የት እንደሚቀመጥ መደልደል ነው። መሣሪያው እንደ ሰው ገምቶ አያነብም። ይህ ፍቺ ነው፣ ይህ ምሳሌ ነው፣ ይህ ቃሉ የሚነገርበት አገር ነው ብለው ለየብቻ ካላስቀመጡለት ሁሉንም ደባልቆ ይይዝና በኋላ ሲጠይቁት መልስ የለውም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል አሥራ አንድ ቤት ሠርቼለታለሁ። በካርድ አሳትሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ቃሉን ከላይ ይጽፉና ከታች በየቤቱ የሚገባውን ይሞሉልኛል። የቅኔ ትምህርት ቤቱንና የደጋውን ቃል ከእርስዎ የተሻለ የሚሰጠኝ ሰው አላውቅም፤ ይህን ለኮሚቴያችንም ተናግሬያለሁ። ሳያስመሰክር ጉባኤዎን ጥሎ የወጣ ልጅ ይህን ያህል መጠየቁ ድፍረት ነው ቢሉኝ አልከራከርም። ብቻ ካርዶቹን አይመልሱብኝ።

ልጅዎ ላቀው

ወይን አምባ፣ ኅዳር ፳፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለላቀው።

የጊዮርጊስ ጥበቃ እዚያ ካለህበት ፎቅ ድረስ ይውጣልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ቅዳሴ ቆሞ ያስቀድሳል።

ካርድህ ደረሰኝ። ሸጋ ነው። ብራና ባይሆንም ቀለም አይተፋም። ቃሎቹን በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር ጻፍኩልህ፤ ቃል የራስነቱን ክብር ያግኝ ብዬ ነው።

ግን ልጄ፣ ምነው? የግዕዝ ግስ ቤት ስንት እንደሆነ ገና ጥርስህ ሳይጠና አስተምሬህ አልነበር? ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። ስምንት ነው። ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ ስምንት ነው። አንተ አሥራ አንድ ይዘህልኝ መጣህ። ሦስቱን ማን ወለዳቸው? መሬት ሲከፋፈል ለግስም ቤት ተጨመረለት እንዴ? ቤት አንድ ላይ ቀተለ፣ ቤት ሁለት ላይ ቀደሰ እያልኩ እስከ ቤት ስምንት ሞላሁ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ያለውን ባዶ ትቼዋለሁ። እኔ በሌለ ቤት እንግዳ አላስገባም።

ጥሎ መውጣትህን አንተው አነሣኸው እንጂ እኔ ላነሣው አልፈለግኩም ነበር። ላቀው ብዬ ስም ያወጣሁልህ አባትህን እንድትልቀው ነው። ከቅኔው መወድስ ደርሰህ፣ በጉባኤ ፊት መምህርነትህን ለማስመስከር አንድ ክረምት ሲቀርህ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ምናምን ብለህ ጎንደር ወረድክ፤ በዚያው ቀረህ። እንግዲህ ወጉን ታውቃለህ። ያላስመሰከረ ተማሪ የመምህሩን ስም አይጠራም፤ መምህሩም ተማሪዬ ብሎ የሱን አይጠራም። ይህን ስጽፍልህ ተቆጥቼ አይደለም። ልጅነትህ ያው ነው፤ እሱን የሚፍቅ ምላጭ አልተሠራም።

ከወረቀትህ ግርጌ የታተመውን «አብዮታዊ ሰላምታ» አይቼዋለሁ። እኔ በእግዚአብሔር ስም ተቀብዬዋለሁ።

አባትህ አድማሴ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ ፲፭ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

አባቴ ሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለገና የሚደርስ መስሎኝ ቸኩዬ ነው የምጽፈው።

ካርዶቹን የከፈትኳቸው ሰው በተሰበሰበበት ክፍል ነበር። በ«አኮፋዳ» ካርድ ላይ፣ ፍቺ በሚገባበት ቦታ፣ በዚያ ባማረው ጽሕፈትዎ «ቀደሰ» የሚል አገኘሁ። አኮፋዳ ቀደሰ! ሳቄን አፍኜ ወደ ደጅ ወጣሁና እደጅ ሳቅኩት። ከሳቁ ቀጥሎ ግን አፈርኩ፤ በዚህ አገር በቅኔ ትምህርት ያለፈ ሰው ሁሉ ቤት ሲባል የግስ ቤት ነው የሚመጣበት፣ እኔ ደግሞ የርስዎ ልጅ ሆኜ ይህን ረሳሁት። ቤት ያልኩት ማስቀመጫውን ነው፤ ቁጥሩን ብቻ አትሜ የምን እንደሆነ አለመጻፌ ጥፋቱ የኔ ነው። እህሉ ለብቻ፣ ዘሩ ለብቻ፣ ጨው ለብቻ እንደሚቀመጥ ማለቴ ነው። አሁን ስሙን ለውጬ «ክፍል» ብዬዋለሁ፤ አዲስ ካርድም አሳትሜ ልኬያለሁ። የስምንቱን የግስ ቤት ነገር ለኮሚቴው ስነግራቸው «ቤት» ራሱ ይህ ፍቺ ተጨምሮለት ይመዝገብ አሉ። ስለዚህ ቁጣዎ በመዝገቡ የገባ የመጀመሪያው የጎንደር ቃል ሆነ።

ሁለተኛው «ዘረፈ» ነው። በምሳሌው ክፍል ላይ «መሪጌታ በጉባኤው መካከል ቆመው ዘረፉ» ብዬ ጽፌ ነበር። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ደመቀ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አነበቡትና «ይህ ካህን ተይዟል?» አሉ። ቅኔን በቃል እዚያው ፈጥሮ ማፍሰስ ዘረፋ እንደሚባል ሳስረዳቸው ግማሽ ቀን ሄደ። ከዚያ ወዲህ «ቃሉ የሚነገርበት ሙያ» የሚለውን ክፍል ይቀነስ ያለኝ የለም። ስለዚህ ያን ክፍል ባዶ አይተዉብኝ፤ ሰው ሊታሰር ይችላል።

አሥራ አንደኛው ክፍል «ሰጪው» የሚል ነው። ቃሉን ማን እንደሰጠን የሚጻፍበት ነው፤ እዚያ ላይ ስምዎን ያስፍሩ። በተረፈ ስለ ጉባኤው ምንም አልነገሩኝም። ዘንድሮ ስንት ተማሪ ገባ? ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ያሉት የተማሪ ጎጆዎች እንደ ዱሮው ሞልተዋል?

ልጅዎ ላቀው

ወይን አምባ፣ ጥር ፳፬ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለላቀው፣ ቤት ለሚሠራውና ስም ለሚለውጠው።

ጥምቀትን በሰላም አሳለፍን፤ ታቦቱ ከነክብሩ ገብቷል። ያን አኮፋዳ ስትስቅበት የሰማሁህ መሰለኝ። እኔም ደብዳቤህ ሲነበብልኝ ሳቅኩ፤ መነጽሬ ተሰብሮ አያ ቢሻው ናቸው ያነበቡልኝ። «ይህ ካህን ተይዟል?» የሚለውን እያስደገሙ ሁለት ጊዜ አነበቡት። አሁን መነጽሩ ተጠግኗል።

ነገሩ ገብቶኛል። አንተ ክፍል በለው፣ እኔ ቤት እለዋለሁ። ፍቺው አጭር ይሁን ብለሃል። ለአኮፋዳ እንዲህ ብያለሁ፤ የተማሪ ስልቻ፣ በልመና የሚገኝ ቁራሽ የሚሰበሰብበት፣ ባለቤቱ ሲሞላለት የማይኩራራበት፣ ሲጎድልበት የማያማበት። ከዚህ ባሳጥረው ቃሉ ይከፋዋል። ጓዶችህ ረዘመ ካሉ የራሳቸውን አኮፋዳ ተሸክመው ይሞክሩት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሰጪው በሚለው ቤት ስምዎን ያስፍሩ አልከኝ። እኔ የሰጠሁት ቃል የለም፤ የተቀበልኩት ነው ያለው። ከየኔታ ወልደ ገብርኤል ተቀበልኩ። እሳቸው ከየኔታ ሐብተ ማርያም ተቀበሉ። ከዚያም በላይ ያሉትን እስከ ላይ ድረስ እጠራቸዋለሁ፤ አንተም ልጅ ሳለህ ትጠራቸው ነበር። ይህን ሁሉ ትቼ «ሰጪው፣ አድማሴ» ብዬ ብጽፍ እነሱ ከመቃብር ምን ይሉኛል? የሰው እርሻ አርሶ የኔ ነው እንዳለ ሰው መሆኔ ነው።

ስለዚህ የማደርገውን ልንገርህ። እነዚህን ጥቂት ካርዶች ሰድጄልሃለሁ። የቀረውን፣ ዋና ዋናውን ቃል፣ ይዤዋለሁ። በየቃሉ ላይ የመምህራኑ ሐረግ የሚጻፍበት ቤት ሥራልኝ፤ ያን ቀን ሁሉንም እልክልሃለሁ። የጌቶቹ ስም ከማይገባበት ቃላቸው አይገባም።

ጉባኤው ደህና ነው። ጎጆዎቹ ቆመዋል፤ ሣራቸውም ዘንድሮ ተለውጧል።

አባትህ አድማሴ

አዲስ አበባ፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

አባቴ ሆይ፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። በደህና ገብተዋል ብዬ አምናለሁ።

የአኮፋዳን ፍቺ ለኮሚቴው አነበብኩላቸው። አንድም ቃል አልቀነሱም። ጓድ ደመቀ «የማያማበት» የምትለው ላይ እንደመቆም ብለው አለፉ። ይህን የምነግርዎ ደስ እንዲልዎት ነው፤ ቀጥሎ ያለው ደስ የሚል አይደለምና።

ሐረጉን በየቃሉ ላይ መጻፍ አልችልም። እምቢ ማለቴ ሳይሆን ክፍሉ ጠባብ ነው። መሣሪያው ለእያንዳንዱ ክፍል የተለካ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ለእርስዎ ቃላት ሁሉ ያን ሁሉ ስም እየደጋገምኩ ብጽፍ ስሙ ሞልቶ ቃሉ ደጅ ያድራል። ሰፊ ክፍል ልጠይቅ ብልም ጓዶቹ «የዘር ሐረግ ቆጠራ የፊውዳል ነው» ብለው ሊነሡብኝ ይችላሉ፤ አንዱ ከወዲሁ ብሎኛል።

ሌላም አለ። ጓድ ደመቀ የጎንደሩን ካርድ ገልጠው አይተው «ይህ ሁሉ የአንድ ሰው አፍ ነው፤ በአንድ ምስክር እንዴት ይጸድቃል?» አሉኝ። የክፍሎቹ ዕቅድ በግንቦት ይጸድቃል፤ እስከዚያ ሌላ ሰጪ ካላገኘሁ የጎንደሩ ቃል በሙሉ ከመዝገቡ ይወጣል። ጉባኤው ደህና ነው ብለውኛል። እንግዲያው ለተማሪዎችዎ አንድ አንድ ካርድ ያስይዙልኝ። እነሱ ከእርስዎ የሰሙትንም ይሁን ከአገራቸው ያመጡትን ይጻፉ። ስማቸው በሰጪው ክፍል ይገባል፣ ምስክሩም ይበዛል። ይህን እንኳ እምቢ አይበሉኝ።

ልጅዎ ላቀው

ወይን አምባ፣ መጋቢት ፲፫ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ላቀው፤

ለተማሪዎችህ ካርድ አስይዝ አልከኝ። ለየትኛው?

ከአምና የወታደር ምልመላ ወዲህ እዚህ ተማሪ የለም። ገሚሱን ወሰዱት። ገሚሱ ወደ ቆላው ወረደ፣ የት እንዳለ አላውቅም። የቀሩት ሁለቱ በመስከረም መጥተው እጄን ስመው ወደ አገራቸው ሄዱ። ጎጆዎቹ ቆመዋል ያልኩህ ውሸት አይደለም፤ ቆመዋል። ሣሩንም ያስለወጥኩት እኔ ነኝ፤ ሰው የሌለበት ጎጆ ቶሎ ይፈርሳል ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት እንደ ልማዴ ከዋርካው ሥር እቀመጥና ግስ እላለሁ። የሚመልስልኝ የለም። መንደርተኛው መሪጌታ አረጁ ሲል እሰማለሁ፤ ይበል።

እንድታዝንልኝ ብዬ አይደለም የነገርኩህ። ሳልነግርህ የኖርኩትም ለዚሁ ነው። ማዘንህን በጋቢ ጠቅልለህ እንዳትልክልኝ፤ ጋቢ አለኝ።

ስማቸው ካልተጻፈ ያልኩህ ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶህ ይሆናል። እኔና ጥቂት እኩዮቼ ያለፍን ቀን የነዚያን ሰዎች ስም በተራው የሚጠራ አንደበት የለም። ግትርነት መስሎህ እንደሆነ ግትርነትም አለበት። መጣፍ ቢቃጠል ሌላ ይጻፋል፤ ይህ ግን በአፍ ብቻ የቆየ ነው።

ቃሉ ከመዝገብ ይወጣል ብለህ አስፈራርተኸኛል። ይውጣ። ከነስማቸው ካልገባ ቢወጣ ይሻላል።

አባትህ አድማሴ

አዲስ አበባ፣ ግንቦት ፳፯ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

አባቴ ሆይ፤

በሚያዝያ በላክሁልዎ ደብዳቤ ስለ ጎጆዎቹ ብዬ የጻፍኩትን ሁሉ ይተዉት። በኀዘን የተጻፈ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ኀዘን አትላክ ብለውኛል። ይህኛው ሌላ ነው። ይህን ተቀምጠው ያንብቡት፣ መነጽርዎንም ያድርጉ።

ቤቱን ሠራሁልዎ።

የመጋቢት ደብዳቤዎን ኪሴ ይዤው ዞርኩ። «በተራው የሚጠራ አንደበት» ያሉት ከራሴ አልወጣ አለ። አንድ ቀን ሠርቪስ አውቶቡስ ስጠብቅ ድንገት ገባኝ። እኔ የመምህራኑን ሐረግ የቃሉ ንብረት አድርጌ ነበር የማስበው፤ ስለዚህ በየቃሉ ላይ መጻፍ ያለበት መሰለኝ። ሐረጉ ግን የሰው ነው። ቃሉ የሚያስፈልገው ሰጪውን ማወቅ ብቻ ነው፤ ሰጪው ደግሞ መምህሩን ያውቃል፣ መምህሩም የራሱን መምህር። እናም ከቃላቱ መዝገብ ሌላ የሰዎች መዝገብ አዘጋጀሁ። እያንዳንዱ ሰው እዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ስሙ፣ አገሩ፣ ሙያው። አንድ ክፍል ደግሞ አለው፣ «ከማን ተማረ» የሚል። በዚያ ክፍል ስም እንኳ አይጻፍም፤ የመምህሩ መለያ ቁጥር ብቻ ነው የሚገባው። «አኮፋዳ»ን የሰጠ ማነው ብለው መሣሪያውን ቢጠይቁት አድማሴ ይላል። አድማሴ ከማን ተማረ? ወልደ ገብርኤል። ወልደ ገብርኤልስ? ሐብተ ማርያም። እርስዎ ሲጠሩት እንደነበረው እየጠራ እስከ ላይ ይወጣል፣ ተራውንም አይስትም። ቦታው ደግሞ ከአንዲት ቁጥር አይበልጥም።

ቁጣዎ ባይኖር አላስበውም ነበር። ነገር ግን ከመሣሪያው ጋር ያስማማሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም አልሸሽግዎትም። ኮርቻለሁ። ሥራ ከያዝኩ ወዲህ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ኮሚቴው ፊት ያቀረብኩ ዕለት ያው ፊውዳል የሚለው ነገር ተነሣ። እኔም ጓድ ደመቀን «እርስዎን አስቀድመን እንመዝግብ» አልኳቸው። ስም፣ ደመቀ። አገር፣ ማክሰኝት። ከማን ተማረ የሚለው ላይ ሲደርሱ ካርዱን ወደ እኔ ገፉት። «አላምረው ብለህ ጻፍ» አሉኝ። «ልብስ ሰፊ ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ በስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ እየሰፋ። እኔ ስሳሳት ቀና እንኳ አይልም፣ መርገጫውን ብቻ ያቆመዋል» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ፊውዳል የተናገረ የለም። በአንድ ምስክር ያሉትንም ራሳቸው አነሡትና «ይህ አንድ ምስክር አይደለም፤ ከኋላው ሰልፍ አለ» ብለው ፈረሙ። የጎንደሩ ቃል ጸደቀ።

አባቴ፣ ደብዳቤው እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አንድ ነገር ቀርቷል። «ደበሎ» የሚለውን ካርድ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ያን የተማሪ የበግ ለምድ ለብሼው ስላደግኩ ከእርስዎ መጠበቅ አላስፈለገኝም። ስለዚህ እኔም ሰጪ ነኝና ከሰዎቹ መዝገብ መግባት አለብኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ አገሬን ጻፍኩ። ከማን ተማረ የሚለው ላይ ስደርስ ባዶ ላልፈው ሞከርኩ። መሣሪያው አልቀበልም አለኝ። ቃል ሰጪ የሆነ ሁሉ ያን ክፍል ባዶ እንዳያልፍ ብዬ የደነገግኩት እኔው ነኝ፤ እርስዎን ደስ ይበልዎ ብዬ።

የእርስዎን ቁጥር ብጽፍ የሚያውቅብኝ አልነበረም። ወጉን ግን አውቃለሁ፤ ያላስመሰከረ የመምህሩን ስም አይጠራም። ሌላ ስም ደግሞ የለኝም። ስለዚህ የሁሉም ሰው ካርድ ሲገባ የኔ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል።

ይፈቅዱልኛል?

ልጅዎ ላቀው

ወይን አምባ፣ ሐምሌ ፬ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለላቀው።

መልሴን አዘግይቼብሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ታምሜ አይደለም፣ ዝናቡም መንገዱን ዘግቶት አይደለም። ለአንተ ከመመለሴ በፊት ለሌሎች መናገር ነበረብኝ፤ ያም ቀን እስኪደርስ ጠበቅኩ።

የየኔታ ወልደ ገብርኤል መታሰቢያ በሰኔ መጨረሻ እንደሚውል ታውቃለህ። ከአርማጭሆም ከአዘዞም የቀረን ደቀ መዛሙርታቸው ተሰብስበን ነበር። ቁጥራችን ጥቂት ነው፣ ሁላችንም ምርኩዝ ይዘናል። ከጸሎቱ በኋላ አንጋፋው ተማሪ ሐረጉን ከላይ ጀምሮ ይጠራል፤ ሲጨርስም ከሱ ቀጥሎ የሚቆመውን ይሰይማል። አንጋፋው እኔ ነኝ። ያለፉትን ዓመታት የራሴን ስም ጠርቼ ዝም እል ነበር፤ እነሱም አይጠይቁኝም። የጨዋ ልጆች ናቸው።

ዘንድሮ ዝም አላልኩም። አድማሴ ካልኩ በኋላ ላቀው አልኩ።

አዘዞ ያለው መሪጌታ ወልደኢየሱስ፣ ያ አፈ ሹሉ፣ ምርኩዙን መሬት ላይ መታ መታ አድርጎ «አያ አድማሴ፣ ልጅህ አስመስክሯል እንዴ?» አለኝ። «አዎን» አልኩት። «በየት? በማን ፊት?» አለኝ። «አዲስ አበባ፣ በግንቦት፣ የኔታ ወልደ ገብርኤል ማን እንደሆኑ በማያውቁ ሰዎች ፊት። እኛ ስማቸውን ለሚያውቋቸው ስንጠራ ኖርን። እሱ ለማያውቋቸው ጠራው፤ የማያውቋቸውም ፈረሙበት። ከመካከላችን እንዲህ ያለ የሠራ ካለ ይነሣና ላቀው የሚለውን ልሰርዘው» አልኩ። የተነሣ የለም። ወልደኢየሱስ ራሱን ወዘወዘና ወዘወዘና ጥሩ ቅኔ እንደሰማ ሰው «ይበል!» አለ። ከዚያ ሁሉም «ይበል!» አሉ። ሽማግሌ ስንሆን ድምፃችን ያንሳል መሰለህ? ከዋርካው ላይ ወፎቹ ተነሡ።

እንግዲህ ጻፍ። ከማን ተማረ፤ ከአድማሴ። ያንን ካርድ ከጠረጴዛህ ላይ አንሣው፤ ብዙ ቆይቷል።

ልጄ፣ ኮርቼብሃለሁ። ሰው ሁሉ በልጁ ይኮራል፤ እኔ ግን ይህን ቃል ለማንም አውጥቼ ስለማላውቅ አሁን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። በጽሕፈቱ አትፍረድበት። ይዤው የነበረውን ቃል ሁሉ በአያ ቢሻው ጭነት ሰድጄልሃለሁ። እሳቸው ራሳቸው ጎንደር ከማኪናው ላይ ያስጭኑታል፤ ጠብቀህ ተቀበል። ከእንግዲህ እኔ ዘንድ የቀረ የለም። ቀሎኛል።

አሁን ጥያቄው የኔ ነው። ከላይ ያለውን ሁሉ ሞልተኸዋል። የኔታ ሐብተ ማርያም አሉ፣ የኔታ ወልደ ገብርኤል አሉ፣ እኔ አለሁ፣ አንተ አለህ። ከአንተ በታች ግን ማን አለ? የቤቱን አሠራር፣ የቃሉን አያያዝ፣ ይህን ሁሉ ከራስህ ያወጣኸውን ለማን እያስተማርክ ነው? መሣሪያህ ባዶ አልቀበልም የሚል ከሆነ እኔም አልቀበልም። በሚቀጥለው ደብዳቤህ የተማሪህን ስም ጻፍልኝ፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን አገሩንም።

አባትህ፣ መምህርህም፣
አድማሴ